ገርበብ

ጋሽ እርገጤ፣ ዘበኛችን፣ በማጀቴ የሸበተው፣
በር ዘግቶ ተኝቶ አያውቅም፤ ሌባም ጅብም ለሱ ያው ነው።
አንዲት ድንጋይ አለችው፣ የሕፃን ራስ የምታክል፣
ሲመሽ ከበሩ ሥር ይወትፋታል፤ ገርበብ።
«አየር ይግባ» እያለ ሲያታልል።

እኔ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ካርታዬን ምስጥ በልቶታል፤
ከካሪቢያን ባሕር ግማሹ፣ ከነደሴቱ ጠፍቷል።
ሐይቲ ግን እንደ ምንም ተርፋለች፣
ጎረቤቷን በጀርባ ገፍታ፣ አፏን ወደ ባሕር ከፍታለች።

ማክሰኞ ከሰዓት ነው፣ ጦይባ እጇን አውጥታ፣
«ቲቸር፣ ባሪያው ካሸነፈ፣ ከተባረረ ጌታ፣
ካሳ ከፋዩ ማነው?»
ጠመኔዬን ፈለግኩት። እጄ ላይ ነበር ለካ።

ነገርኳቸው የማውቀውን፦ ጌታው በመርከብ ተመልሶ፣
መድፉን ወደቡ ላይ ደቅኖ፣ የሒሳብ መዝገብ ተንተርሶ፣
«የጠፋብኝን ክፈሉኝ» አለ።
የጠፉበት እነሱው ነበሩ። ገላቸውን ገዙት በዕዳ፣
አባት ለልጅ እየተናዘዘው፣ መቶ ዓመት አለፈው ያ ፍዳ።
ቀጥሎ ሌላ ባንዲራ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የከረመ እንግዳ።
«እንግዳ ነው ታዲያ?» አለ ከኋላ አንዱ። ክፍሉ ሳቀ።
እኔ ሰሌዳውን ጠረግኩ፤ አቧራው ጉሮሮዬን አነቀ።

ጋሽ እርገጤ በመስኮት፣ መጥረጊያውን ተደግፎ፣
ሲሰማ ኖሯል። «መሬቷስ?» አለ፣ አንገቱን ወደ ውስጥ አሳልፎ።
«በሁለት ሺህ ሁለት፣ በጥር፣ ጋሽዬ፤ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ
ከተማው ተንበረከከ።»
«የኛ ወር አልፎታል» አለ። «በሃምሳ ሦስት፣ ግንቦት ሊወጣ፤
መቃኑ ተጣሞ በሩን ነከሰው፣ እናቴ ከውስጥ ቀረች፣
በስንጥቁ ጣቷን ሰዳ፣ የኔን ጣት ያዘች።
አባቴ ምሳር ይዞ ሲደርስ፣ ጣሪያው ቀደመው።

ከዚያ ሰዎች መጡ ከሩቅ፣ በመኪና፣ በመሣሪያ፤
መሬቱን በሜትር ለኩት፣ ፎቶ አነሱን፣ ስማችንን ጻፉ፣
ብርድ ልብስ አደሉን ለግንቦት ፀሐይ።
ሊረዱን መጡ፣ ልጄ። ሳይረዱን ሄዱ።»
ሁለት ጊዜ አላት ቃሏን፣ አንዴ አላልቶ፣ አንዴ አጥብቆ፤
ጦይባ ብቻ የገባት መሰለኝ፣ ዓይኗ ከደብተሯ ወድቆ።

«እዚያስ እንዴት ሆነ?»
እዚያማ ሰማያዊ ቆብ ያጠለቁ፣ ሰላም ሊጠብቁ የሰፈሩ፣
ቆሻሻቸው ወንዝ ገባ፤ የጠጡት ሁሉ በኮሌራ አደሩ።
ሺዎች ረገፉ። «ይቅርታ» እስኪደርስ ስድስት ዓመት ፈጀበት፣
ባሕር ማዶ እንደተላከ ደብዳቤ፣ ቴምብር እንደጎደለበት።

«አሁንስ?»
አሁንማ ሰፈር የሚገዛው ጠመንጃ ነው። የቀረው ሸሽቷል።
መሪያቸው በሌሊት፣ ከመኝታ ቤቱ ሳይወጣ፣ ተገድሏል።
«በሩን ዘግቶ ነበር?» አለኝ።
ምን ልበለው።

ዝም አለ። ባለፈው፣ በአጣዬ በኩል ሰማዩ የቀላ ለታ፣
ጎረቤት ሁሉ ደጁን ቀርቅሮ፣ «ዝጋ አንተ ሰውዬ!» ሲለው በሹክሹክታ፣
ድንጋይቱን ሁለት ጊዜ አንስቶ፣ ሁለት ጊዜ መልሷታል።
«መሬት ሲነሣ ክፈት ይላል፤ ሰው ሲነሣ ዝጋ ይላል።
ሁለቱ ባንድ ሌሊት የሚነሡባቸው፣ የዚያ አገር ሰዎች፣
በራቸውን ምን ያደርጉታል?»

መጽሐፉ ላይ የለም። ገጽ ሰማንያ አራት ላይ
የሕዝብ ብዛት አለ፣ የዋና ከተማ ስም፣ የሸንኮራ ምርት።
እሱም ሄዶ ደወሉን መታ፣ ግራሩ ላይ የተሰቀለውን ቸርኬ።

ማታ ኪራይ ቤቴ ገብቼ፣ መቀርቀሪያውን እንደያዝኩ ቆምኩ።
ከእግሬ ሥር አንድ ነገር ነዘረ፤
የጭነት መኪና ይሁን፣ ሌላ፣ አላወቅኩም።
ወጥቼ በጨለማ ድንጋይ መረጥኩ።
ሦስተኛዋ ልክ ሆነች።